የልጁ ስም፣ የልጅ ልጁ የአያት ስም

በደቡብ ጎንደር፣ በእብናትም ሆነ በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው ደጋ የሚወለድ ወንድ ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው የቤተሰብ ስም የለም። የሚወጣለት ስም የራሱ ብቻ ነው። አድጎ ልጅ ሲወልድ ግን ያ ስም ለልጆቹ የአባት ስም፣ ለልጅ ልጆቹ ደግሞ የአያት ስም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከመታወቂያና ከትምህርት ማስረጃ ላይ ይወርድና ዘር በሚቆጥሩ ሽማግሌዎች አፍ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ለጨቅላ ስም የሚያወጣ ቤት ሳያስበው ለሁለት ትውልድ መጠሪያ እያዘጋጀ ነው። የስኮትላንድ ወላጆች የሚገጥማቸው ሥራ ሌላ ነው። በዚያ አገር የመጨረሻው ስም ልጁ ከመፀነሱ በፊት የታወቀ ነው፤ የሚመረጠው ከፊቱ የሚቆመው ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከዘመድ ስም ውስጥ የሚለቀም ነው። ሁለቱን ልማዶች ጎን ለጎን ማየት አንዱ ለምን ስምን እንዳጸና፣ ሌላው ለምን በየትውልዱ እንደ አዲስ እንደሚያወጣ ያስረዳል።

በደጋው አገር ልጅ ሲወለድ ከቤት የሚወጣው እልልታ ጾታውን ለጎረቤት ያስታውቃል። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም በብዙ አካባቢ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ይባላል። ገንፎው ተገንፍቶ፣ ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ «ስሙን ማን አላችሁት?» ነው። ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ላይኖር ይችላል። እናት በምጧ ጊዜ ያሰበችውን ታወጣለች፤ አባት ሌላ ይላል፤ አያት ከሁለቱም የተለየ ይዛ ትመጣለች። በዚህ የተነሳ አንድ ልጅ በእናቱ ወገን አንድ፣ በአባቱ ወገን ሌላ ስም ይዞ ማደጉ እንግዳ ነገር አልነበረም። ከስሞቹ አንዱ አፍ ላይ ይጸናል፤ ሌሎቹ የቤት ስም ሆነው ይቀራሉ ወይም ይረሳሉ። በብዙዎች ሕይወት የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠው ልጁን ትምህርት ቤት ወስዶ ያስመዘገበው ሰው ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው ተረት በዚህ ሁሉ መካከል ወላጆችን ያጽናናል፤ ምርጫው የሰው ቢመስልም ትክክለኛው ስም ራሱ መንገዱን ያገኛል የሚል እምነት አለበት።

የስሞቹ ምንጭ ሕያው አማርኛ ነው። ለብዙ የአውሮፓ ስሞች ትርጉም ለማግኘት መዝገበ ቃላት መግለጥ ያስፈልጋል፤ የደጋው ስም ግን ሲጠሩት ይገባል፤ ብዙውም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። አለማየሁ ማለት ዓለም አየሁ ነው፤ ደሳለኝ ደስ አለኝ ነው። እነዚህ የወላጅ ንግግሮች ናቸው። ለልጁ የሚነገሩም አሉ፤ አንተነህ፣ ጥሩነህ፣ በላይነህ ፊቱን እያዩ የሚሉት ነው። ጥላሁንና ጌታሁን ምኞትም ትእዛዝም ናቸው፤ ለቤተሰቡ ጥላ ሁን፣ ጌታ ሁን። ተመስገን የሚነገረው ለፈጣሪ ነው። ለጠላት የሚነገረው ክፍል ደግሞ ሰፊ ነው። ማንደፍሮ ማን ደፍሮ ይነካዋል ነው፤ ያየህይራድ ያየህ ሁሉ ይንቀጥቀጥ ማለት ነው፤ በላቸው፣ ጣሰው፣ ደምሴ ጦር የሚያዘምቱ ስሞች ናቸው። ለዘመናት የሠራዊት መተላለፊያ ሆኖ በኖረ አገር ጨቅላን ገና በእቅፍ ሳለ «በላቸው» ማለት ያን ያህል አያስገርምም።

ሌላው ትልቅ ወገን ከሐዘን የመጣ ነው። ካሳ፣ ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ፈንታሁን፣ ማስረሻ የሚባሉት ስሞች አብዛኛውን ጊዜ ከልጁ በፊት የሞተ ሰው እንዳለ ይናገራሉ። የሞተው ታላቅ ወንድም ሊሆን ይችላል፤ እናቲቱ ነፍሰ ጡር ሳለች ያረፈ አባት ወይም አያትም ሊሆን ይችላል። ሕፃናት በብዛት ይሞቱ በነበረበት ዘመን እነዚህ ስሞች መብዛታቸው አይደንቅም። ማስረሻ ከሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል፤ ልጁ የሚያስረሳው ነገር በስሙ ውስጥ ተመዝግቦ ዕድሜ ልኩን ሲጠራ ይኖራል፤ ማለትም አይረሳም። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ታላላቅ ነገሥታት ከመንገሣቸው በፊት የተጠሩት ከእነዚህ በአንዱ፣ ካሳ በሚለው ስም ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ካሳ ኃይሉ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ደግሞ ካሳ ምርጫ ነበሩ።

ቤተሰብ ስም ሲመርጥ ሌላም የሚያዳምጠው ነገር አለ። የልጁ ስም ከአባቱ ስም ጋር ተያይዞ ስለሚጠራ ሁለቱ ሲገጣጠሙ የሚሰጡት ትርጉም ይመዘናል። አባቱ ጌታቸው የሆነን ልጅ አንተነህ ቢሉት «አንተ ነህ ጌታቸው» የሚል የተሟላ ሐረግ ይወጣል። አባቱ በላይ ለሆነ ልጅ ይሁን ቢባል ምርቃት ይሆናል። ቋንቋውን የሚወዱ ወላጆች በዚህ ይራቀቃሉ፤ ያላሰቡበት ደግሞ ልጃቸው ትምህርት ቤት ሲገባ ከጓደኞቹ ይሰሙታል። ይህ የቃላት ጨዋታ የሚቻለው የአባት ስም በየትውልዱ ስለሚለወጥ ነው። ለሦስት መቶ ዓመት ያልተለወጠ የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ እንዲህ ያለው ግጥም አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ሁሉም ያውቀዋል።

የአባትን ስም ለራሱ ለልጁ መስጠት ግን አልተለመደም። አባቱ ካሳ የሆነውን ልጅ ካሳ ቢሉት «ካሳ ካሳ» ይሆንና መለያው ይጠፋል። የአያትን ስም ለልጅ ልጅ ማውጣት አልፎ አልፎ ቢያጋጥምም ግዴታ ሆኖ አያውቅም። ስኮትላንዳውያን በዚህ ላይ ፍጹም የተለየ ልማድ ነበራቸው። በድሮው ደንብ የበኩር ወንድ ልጅ በአባት አባት፣ ሁለተኛው በእናት አባት፣ ሦስተኛው በራሱ በአባቱ ስም ይጠራ ነበር። ሁሉም ቤት ባይጠብቀውም ደንቡ የሰፋ ስለነበር፣ ዛሬ ዘራቸውን የሚያጠኑ ስኮትላንዳውያን የልጆችን ስም ቅደም ተከተል አይተው የአያቶቹን ስም ይገምታሉ። ውጤቱም በአንድ መንደር ብዙ ጄምስ፣ ብዙ ጆን፣ ብዙ ሮበርት መኖሩ ነው። በእብናት የስም እጥረት የለም፤ በስኮትላንድ መንደር ግን እጥረቱን የሚሞላ ቅጽል ያስፈልግ ነበር።

ወንድ ልጅ በተወለደ በአርባኛው ቀን ክርስትና ይነሳል፤ ሴት በሰማንያኛው ቀን። የቁጥሮቹ ልዩነት ሥር በኦሪት ዘሌዋውያን ስለ ወላድ በተጻፈው ሥርዓትና፣ አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት ገቡ በሚለው በመጽሐፈ ኩፋሌ ትረካ ውስጥ ነው። በዚያ ዕለት ልጁ ማተብ ያስራል፤ የክርስትና አባት ያገኛል፤ ሁለተኛ ስምም ይቀበላል። የክርስትና ስም የሚወጣው በግእዝ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ በሚሉ ቃላት ጀምሮ በቅዱስ፣ በመልአክ ወይም በሥላሴ ስም ይጨርሳል። በመጠሪያ ስም ወላጅ የፈለገውን ሲናገር፣ የክርስትና ስም ግን ልጁን ለአንድ ጠባቂ ያስረክበዋል።

የክርስትና ስም በአደባባይ አይጠራም። ቁርባን ሲቀበል፣ ጸሎት ሲደረግለት፣ በመጨረሻም ፍትሐት ሲደረስለት ካህኑ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ስሙን መደበቅ ከጥንቃቄም የመጣ ነው፤ በሰው ላይ መድኃኒት ወይም ድግምት ሊያደርግ የሚሻ ሰው እውነተኛ ስሙን ካላወቀ አይሳካለትም ተብሎ ስለሚታመን፣ ጎረቤት የማያውቀው፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ራሱ ዘንግቶት እናቱን የሚጠይቀው ስም ነው። በቤተ ክህነት ያደጉ ሰዎች ግን በክርስትና ስማቸው በግልጽ ይጠራሉ። በቀልዳቸው የሚታወቁት የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሃና ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ናቸው። ቤተ መንግሥትም ይህን ስም ወደ ዙፋን አውጥቶታል፤ ተፈሪ መኮንን ሲነግሡ የያዙት ኃይለ ሥላሴ የሚለው ስም የክርስትና ስማቸው ነበር።

በደቡብ ጎንደር ከክርስቲያኑ ጋር አብሮ የኖረው ሙስሊም ማኅበረሰብ ልጁ በተወለደ በሰባተኛው ቀን አቂቃ አርዶ ስም ያወጣል። የስሞቹ ድንበር ግን የሃይማኖት ድንበርን ሁልጊዜ አልተከተለም። ለዚህ ከደብረ ታቦር የበለጠ ማስረጃ የለም። ከተማዋን መናገሻው ያደረገው የየጁው ራስ ጉግሳ ሲሞት ልጆቹ ይማም፣ ማርዬና ዶሪ በተራ ተተኩ፤ ከዚያም የልጁ የአሉላ ልጅ ዐሊ ሥልጣን ያዘ። ዐሊ፣ የአሉላ ልጅ፣ የጉግሳ ልጅ ነው፤ በሦስት ትውልድ ሦስት የማይመሳሰሉ ስሞች። ቤቱ የጋራ መጠሪያ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ወረ ሼህ ይባል ነበር፤ የሼህ ወገን ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ መጠሪያ ዘሩን እንጂ ሰውየውን አይጠራም፤ ማንም «ዐሊ ወረ ሼህ» ብሎ አልጻፈም። በስኮትላንድ ቢሆን ኖሮ የወገን መጠሪያው ከእያንዳንዱ ልጅ ስም ጭራ ላይ በተሰፋ ነበር።

ሹመት ሲመጣ ሰው ስሙን ይለውጥ ነበር። ካሳ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዐሊን ድል ካደረጉ በኋላ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ የያዙት ስም ይመጣል ተብሎ ይጠበቅ የነበረው የፍትሕ ንጉሥ ስም ነው። ከዚህ በተጨማሪ የፈረስ ስም ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። መጠሪያ ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም፣ የንግሥ ስም ያለው አንድ ሰው በአራቱም ውስጥ ለልጆቹ የሚያወርሰው የቤተሰብ ስም የለውም። የቴዎድሮስ ልጅ አለማየሁ ከመቅደላ ውጊያ በኋላ በ1860 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ሲወሰድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እዚያም እስከሞተበት እስከ 1872 ዓ.ም. የተጠራው በዚሁ ብቸኛ ስሙ ነው። የቤተሰብ ስም የሌለው ሰው ለማይታሰብበት አገር ልዑልነቱ ጉዳዩን አቃለለለት። ዓለም አየሁ የሚለው ስም ሲወጣለት ግን ማንም እንግሊዝን አላሰበም።

የቤተሰብ ስም ሳይኖር ዘር እንዴት ይታወቃል ለሚለው መልሱ ቆጠራ ነው። የደጋው ሰው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት፣ እንዥላት፣ ፍናጅ፣ ቅናጅ እያለ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ይህን ማወቅ ለጌጥ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን እስከ ሰባት ቤት በዘመድ መካከል ጋብቻን ስለምትከለክል ሽማግሌዎች ከሽምግልና በፊት የሁለቱን ወገን ሐረግ ይመረምራሉ። ሁለተኛው ምክንያት መሬት ነበር። በርስት ሥርዓት አንድ ሰው ድርሻ የሚጠይቀው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት መወለዱን በመቁጠር ነው፤ ቆጠራው ደግሞ በአባትም በእናትም ይሄዳል።

የቤተሰብ ስም በዚህ አገር ሥር ያልሰደደበትን ምክንያት እዚህ መፈለግ ይቻላል። ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚወርድ ስም ከብዙዎቹ የዘር ክሮች አንዱን ብቻ ያሳያል። በእናቱ እናት በኩል ርስት የሚጠይቅ ገበሬ እንዲህ ያለው ስም ምንም አይጠቅመውም፤ እንዲያውም በአባቱ ወገን ብቻ ስለሚያስጠራው ሊጎዳው ይችላል። የሚያስፈልገው በአራት አቅጣጫ የሚወጣ የአያቶች ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩም በቃል ይያዛል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ሲታወጅ ርስት አበቃ። ከዚያ ወዲህ ሐረግ መቁጠር የቀረለት ዋና ሥራ ጋብቻ ነው፤ ከሰባት ይልቅ እስከ ሦስትና አራት ብቻ የሚቆጥሩ ወጣቶች የበዙትም ከዚህ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም።

ስኮትላንድም በአንድ ወቅት እንደ እብናት ነበረች። በደጋማው የስኮትላንድ ክፍል በሚነገረው የጌይል ቋንቋ ማክ ማለት ልጅ ማለት ነው። ማክዶናልድ የዶናልድ ልጅ፣ ማኬንዚ የኬነዝ ልጅ ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ ስም እንደ አማርኛው የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጥ ነበር። በኋላ የአንድ ታዋቂ አባት ስም ረጋ፤ አባትየው ከሞተ መቶ ዓመታት ካለፉም በኋላ የሚወለዱት ሁሉ የእርሱ ልጅ እየተባሉ ቀጠሉ። የቤተሰብ ስም ማለት እንግዲህ መንቀሳቀሱን ያቆመ የአባት ስም ነው። ከማክ ውጭ ያሉትም ቢሆኑ ሲገለጡ ተራ ቃላት ናቸው። ዳግላስ ጥቁር ውኃ የሚል ትርጉም ያለው የወንዝ ስም ነው። ካምቤል ጠማማ አፍ፣ ካሜሮን ጠማማ አፍንጫ ማለት ነው፤ ሁለቱም ከቅጽል ስም የመጡ ናቸው። ስቱዋርት የቤተ መንግሥት አዛዥ ሹመት ነበር። ብሩስ ብሪ ከሚባል የኖርማንዲ ቦታ እንደመጣ ይነገራል። አንድ ጎንደሬ ቅጽል ስም ቢወጣለት ከእርሱ ጋር ይቀበራል፤ የካምቤል ጠማማ አፍ ግን አፋቸው ቀጥ ላለ ለብዙ ሺህ ሰዎች ተርፏል።

ስሙ እንደ ወገን ባንዲራ ስለሆነ ቅጣትም ይወርድበት ነበር። በእ.ኤ.አ. 1603 ንጉሥ ጄምስ 6ኛ ማክግሬጎር የሚባለውን ስም ከለከለ፤ የወገኑ ሰዎች ሌላ ስም ለመያዝ ተገደዱ። እገዳው አንዴ ተነስቶ ተመልሶ ከጸና በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻረው በ1774 ነው። በዚያው ዓመት ከአፍሪካ ጉዞው ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ስኮትላንዳዊ በጎንደር ሌላ ስም አግኝቶ ነበር። የኪኔርዱ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ የቤተሰቡ ስም ለማንም ምንም አልነገረም። ባኖክበርን ላይ በ1314 እንግሊዞችን ያሸነፈው ንጉሥ ሮበርት ዘመድ ነኝ ብሎ የሚኮራበት ብሩስ የሚለው ስም ቀርቶ ያጎቤ ተባለ። ጄምስና ያዕቆብ ከአንድ ሥር የወጡ ስሞች ስለሆኑ የጎንደር ሰው የያዘው ትክክለኛውን ጫፍ ነበር፤ ሰውየው የተጠራው እንደማንኛውም ሰው በራሱ ስም ነው።

የስኮትላንድ ወላጆች ለወንድ ልጅ ስም ሲመርጡ ዛሬም አንድ የቆየ ዘዴ አላቸው። የእናት ወገን የቤተሰብ ስም እንዳይጠፋ ለልጁ መጀመሪያ ወይም መካከለኛ ስም ያደርጉታል። በዓለም ዙሪያ የወንድ ልጅ መጠሪያ የሆኑት ብሩስ፣ ዳግላስ፣ ካሜሮን፣ ግራሃም፣ ጎርደን፣ ኪዝ፣ ሮስ እንዲህ ከስም ጭራ ወደ ስም ራስ የተዛወሩ ናቸው። ወላጆች ሲመርጡ ስሙ በእውነት ከዘራቸው መኖሩን፣ ከመጨረሻው ስም ጋር ሲጠራ ማማሩን፣ ሁለት ማክ ተከታትሎ ምላስ አለማሰሩን ይመለከታሉ። ከደጋው ቤት ጋር የሚገናኙት በዚህ የጆሮ ፈተና ላይ ነው፤ በትርጉም ላይ ግን አይገናኙም። ልጁን ካሜሮን የሚለው አባት ስለ አፍንጫ እያሰበ አይደለም።

መንግሥታት የቤተሰብ ስምን የሚወዱት ለመዝገብ ስለሚመች ነው። ስኮትላንድ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባን አስገዳጅ ያደረገችው ከጥር 1 ቀን 1855 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ቴዎድሮስ ደረስጌ ላይ ዘውድ የጫኑት ከዚያ በወሩ ገደማ ነው። ቱርክ በ1934 እ.ኤ.አ. ዜጎቿ በሙሉ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ በሕግ አዘዘች። በኢትዮጵያም በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ደነገገ። የግል ስሙና የአባት ስሙ ድሮም ነበሩ። የቤተ ዘመድ ስም የሚለው ግን በወረቀት ላይ ቀረ፤ ሕዝቡ በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ፤ መሥሪያ ቤቶችም ተከተሉት። ሕግ ከልማድ ጋር ገጥሞ እንዲህ በጸጥታ የተሸነፈበት ቦታ ብዙ አይደለም።

ሕይወትን የለወጠው የምዝገባ ሕግ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ይህ ለስም ትልቅ ለውጥ ነው። ቀድሞ በእናትና በአባት ስም መካከል ያለው ክርክር ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ሳይቸኩል ይቆይ ነበር፤ አሁን በሦስት ወር ውስጥ አንዱ ይጻፋል፤ የተጻፈውን ማስቀየር ደግሞ ደጅ ያስጠናል። ስለዚህ ወላጆች ከምዝገባ በፊት ሊስማሙበት የሚገባ ነገር አለ፤ ከስሙ ምርጫ ሌላ የአጻጻፉም ጉዳይ። ኃይሉ በብዙኃኑ «ኃ» ወይስ በሃሌታው «ሀ»? አለማየሁ በ«አ» ወይስ በ«ዓ»? አነባበቡ አንድ ቢሆንም በልደት ወረቀት፣ በትምህርት ማስረጃና በፓስፖርት ላይ ሦስት ዓይነት የተጻፈ ስም፣ በተለይ በላቲን ፊደል ሲገለበጥ፣ ባለቤቱን እያንከራተተ ይኖራል።

የስሞቹ ዓይነትም እየተለወጠ ነው። በከተማ ቤቶች ዓረፍተ ነገር የሚሆኑት ስሞች እየቀነሱ እንደ ናትናኤል፣ አቤል፣ ያሬድ፣ ናሆም፣ ዮሴፍ ያሉት በዝተዋል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ከክርስትና ስም ጋር ይቀራረባል፤ ለውጭ አገር ሰው አፍ ይቀላል፤ የገጠር ሽታም የለውም ብለው የሚያስቡ አሉ። የመጨረሻው ምክንያት ግን አያሳምንም። ማንደፍሮን ወይም ደሳለኝን የሚያህል ሐሳብ በአንድ ቃል የሚቋጥር ስም በጥቂት ቋንቋዎች ነው ያለው፤ እንዲህ ያለውን ስም ለማውጣት የሚያስፈልገው አማርኛ መቻል ብቻ ነው።

የአባት ስም ሥርዓት ከአገር ሲወጣ ይፈተናል። ኢትዮጵያዊ በአገሩ አቶ በላይ የሚባለው በራሱ ስም ነው፤ የስልክ ማውጫም የሚደረደረው በባለቤቱ ስም ነበር። በውጭ አገር ግን የመጨረሻው ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወሰድ ሰው በአባቱ ወይም በአያቱ ስም ይጠራል። ሩጫ የሚያስተላልፉት የውጭ ጋዜጠኞች ኃይሌን «ገብረ ሥላሴ»፣ ቀነኒሳን «በቀለ» እያሉ ለዓመታት ሲጠሩ፣ የተጠሩት አባቶቻቸው እንደነበሩ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። አይስላንዳውያንን ግን ይህ አያስደንቃቸውም፤ እነርሱም እስከ ዛሬ በአባት ስም የሚሄዱ፣ በግል ስም የሚጠራሩ ሕዝብ ናቸው። በኢትዮጵያ ባለትዳር ሴትም ስሟን ስለማትለውጥ፣ አባት፣ እናትና ልጅ በአንድ አውሮፕላን ሲሳፈሩ ሦስት የማይገናኙ የመጨረሻ ስሞች ይዘው ይቀርባሉ፤ ቤተሰብ መሆናቸውን ማስረዳት የነርሱ ሥራ ይሆናል።

ከእብናት ጎረቤት ከበለሳ፣ ከደምቢያና ከወገራ የወጡት ቤተ እስራኤላውያን ይህን ለውጥ በአንድ ጊዜ አይተውታል። በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ፣ በሁለተኛው ብቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች፣ እስራኤል ሲገቡ ለብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው፤ የአባት ወይም የአያት ስማቸውም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። በአሜሪካና በአውሮፓ ልጅ የሚወልዱ ኢትዮጵያውያንም በሆስፒታል ቅጽ ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። ከሦስት መንገድ አንዱን ይመርጣሉ። የአባትየውን የራሱን ስም የልጁ የመጨረሻ ስም ያደርጉታል፤ ይህ የአገር ቤቱን ሥርዓት ይጠብቃል፤ ልጁ ግን በአሜሪካ ወረቀት ላይ ከአባቱ የተለየ የመጨረሻ ስም ይይዛል። ወይም በአባትየው ወረቀት ላይ ያለውን የአያት ስም ለልጁም ይሰጡታል፤ ቤተሰቡ አንድ ስም ይይዛል፤ የአባትየው የራሱ ስም ግን ከልጁ ስም ውስጥ ይጠፋል። ሦስተኛው፣ የአባትን ስም መካከል፣ የአያትን ስም መጨረሻ ማድረግ ነው፤ ለጊዜው ከአገር ቤቱ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሚታየው ያ ልጅ በተራው ሲወልድ ነው። እብናት ላይ ቢሆን የአያትየው ስም በዚያ ጊዜ ከወረቀት ይወርድ ነበር። በውጭ አገር ግን እንደ ማክዶናልድ ረግቶ ይቀጥላል፤ በሞተ ታላቅ ወንድም ፋንታ ተወልዶ ምትኩ የተባለ የአንድ ገበሬ ስም፣ የማን ምትክ እንደሆነ ለማያውቁ ልጆች የቤተሰብ ስም ይሆናል።